የእትዬ ጽጌ አንገት

ልጅ ሳለሁ የሰው አንገት እፈራ ነበር። ሌሎች ልጆች ጨለማ፣ ውሻ ወይም አልጋ ሥር ያደባ ነገር ሲፈሩ እኔን የሚያስፈራኝ አንገት ነበር። ክራባቱን ጥብቅ አድርጎ ያሰረ ሰው አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ክፍል ውስጥ አንዷ ልጅ ጸጉሯን ሰብስባ ማጅራቷ ሲታይ፣ ዓይኔን ወደ መሬት እሰድ ነበር። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣብኝ ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። የመጣው ከእትዬ ጽጌ ምድጃ ዳር ነው።

የምንኖረው ኦክላንድ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቁልቁለት መንገድ ላይ ባለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነበር፤ እኛ ፎቅ ላይ፣ እትዬ ጽጌ ምድር ቤት። አባዬ ሚልፒታስ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ይሠራል። እማዬ ደግሞ ሪችመንድ ድረስ እየሄደች አንዲት ከአልጋ የማይነሱ አሮጊት ትንከባከባለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ እስክትመጣ ድረስ የምቆየው እትዬ ጽጌ ዘንድ ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። ነርስነቱን የተማሩት በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው ዌልስ የሚባል አገር ሄደው ነው። ሰው «እንግሊዝ አገር ነበሩ አሉ» ሲላቸው ፊታቸው ይቀየርና «እንግሊዝ አይደለም፣ ዌልስ ነው፤ ይኼንን እዚያ ብትይ ይጣሉሻል» ይሉ ነበር።

የመብራት አምፖል አይወዱም፤ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል። ቀኑ በሚያጥርበት በክረምቱ ወራት፣ ገና በጊዜ ሲመሽ፣ ሳሎናቸው ግድግዳ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ምድጃ ያነዷታል። እንጨቱ አባዬ ከመጋዘኑ የሚያመጣው የተሰባበረ ፓሌት፣ የዕቃ መጫኛ ጣውላ ነበር፤ ሲነድ የጥድ ሙጫ ይሸታል፣ ሲያልቅ ደግሞ አመዱ ውስጥ የቀሩት ምስማሮች እንደ ቀይ ትሎች ያበራሉ። እትዬ ጽጌ ምስማሮቹን በጉጠት አንድ በአንድ እየለቀሙ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሏቸዋል፤ ተረት የሚጀምሩት በዚህ መሐል ነበር፤ ምስማሩ ቆርቆሮው ውስጥ ሲወድቅ በሚያሰማው ድምፅና በሚቀጥለው መካከል። የሚሉት ሁሉ ይገባኛል፤ የምመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። አማርኛ በጆሮዬ ይገባ ነበር እንጂ ከአፌ አይወጣም።

አንድ አመሻሽ ላይ እሳቱ በረታና እትዬ ጽጌ ሞቃቸው። ከቤት ውጭም ሆነ ከቤት ውስጥ የማይለያቸውን የአንገት ልብስ ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ጎንበስ ብለው ምስማር ሲፈልጉ የፍሙ ብርሃን ከታች መጣና አገጫቸው ሥር አረፈ። እዚያ፣ ከአንዱ የአንገታቸው ጎን ወደ ሌላው የሚሄድ፣ እንደ ነጭ ክር የቀጠነ መስመር አየሁ።

«እትዬ፣ አንገትሽ ምን ሆነ?» አልኩ። «አንገትዎ» ማለት ነበረብኝ፤ እማዬ ብትኖር ትቆነጥጠኝ ነበር።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ወደ መስመሩ ሰደዱ። «እኔ በተማርኩበት አገር» አሉ ቆይተው፣ «እንዲህ ያለ መስመር አንገቷ ላይ የነበረባት አንዲት ቅድስት አለች። የኛ ቤተ ክርስቲያን አታውቃትም። ልንገርሽ?»

ነገሩኝ። እንግሊዞቹ ዊኒፍሬድ ይሏታል፤ የአገሯ ሰዎች ግን ግዌንቭሬዊ ነው የሚሏት። በጥንት ዘመን፣ ኮረብታ ላይ ባለ ቤት፣ ከአባቷና ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጃገረድ ነበረች። ከኮረብታው ግርጌ አጎቷ መነኩሴው ቤይኖ የሠራት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አንድ እሑድ ወላጆቿ ለቅዳሴ ወረዱ፤ እሷ ቤት ቀረች። በዚህ መሐል ካራዶግ የሚባል የመኳንንት ልጅ ከአደን ሲመለስ ውሃ ጠማኝ ብሎ በሩን መታ። ውሃ ሰጠችው። ጠጣ፤ ግን አልሄደም። በሩን በጀርባው ዘጋ።

«ምን ፈለገ?» አልኩ።

«እሷን ፈለገ» አሉ እትዬ ጽጌ። «ፈቃዷን ሳይጠይቅ። እሷ ደግሞ ብልህ ነበረች። ‹ቆይ፣ ልብሴን ልቀይር› አለችውና ወደ ጓዳ ገብታ በጓሮ በር ወጥታ ሮጠች።»

ቁልቁለቱን ሮጠች። መዝሙሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ይሰማታል፤ የፈረሱ ኮቴ ከኋላዋ ይሰማታል። እትዬ ጽጌ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ኮቴውን አሰሙኝ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጥኖ፣ ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ደጃፉ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ደረሰባት። ሰይፉን መዘዘ፤ አንገቷን ቀላው። ጭንቅላቷ ቁልቁለቱን ተንከባለለና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ የቆመበትም መሬት ተሰንጥቆ ውሃ ፈለቀ።

በኋላም ደጋግመው ሲነግሩኝ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም ይላሉ። እሳቱ ይንጣጣል። እኔ እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ አልተነፍስም።

ከዚያ መነኩሴው አጎቷ ወጣ፤ ጭንቅላቷን አንስቶ ከአንገቷ ጋር ገጠመው፤ ካባውን አለበሳትና ጸለየ። ካራዶግን እዚያው መሬት ዋጠችው። ልጅቷም ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ተነሥታ ቁጭ አለች። ከሰይፉ የቀረባት ምልክት ቢኖር፣ አንገቷን የከበበ፣ እንደ ነጭ ክር የቀጠነ መስመር ብቻ ነበር።

እትዬ ጽጌ የአንገት ልብሳቸውን መልሰው አሰሩ። እማዬም ደጁን አንኳኳች።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ማንም የማያውቀውን እኔ አወቅሁ፤ የእትዬ ጽጌ ጭንቅላት አንድ ጊዜ ተቆርጦ የተገጠመ ነው። የተገጠመ ነገር ደግሞ ይላቀቃል፤ የአሻንጉሊቴ ክንድ ስንት ጊዜ ተላቅቆብኝ አባዬ በሙጫ መልሶታል። ሲያስነጥሱ ቀርቤ እቆም ነበር፣ ከወደቀ ልይዘው። ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ማየት አልችልም። ተረቱን ደግመው እንዳይነግሩኝ እፈራለሁ፤ ካልነገሩኝ ደግሞ በራሴ የምጨምርበት ይብሳል፤ ስለዚህ ራሴው «ዘ ሄድ ስቶሪ»፣ የጭንቅላቱን ታሪክ፣ እያልኩ አስነግራቸው ነበር። በልጅነት ሰው የሚፈራውን ነገር ከማየት ይልቅ አለማየቱ እንደሚከብደው እሳቸው የሚያውቁ አይመስለኝም።

የዚያኑ ክረምት መጨረሻ እማዬ ምራቋን ስትውጥ እጇን ጉሮሮዋ ላይ ማድረግ ጀመረች። አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤቴ በር ኋላ ቆሜ ከአባዬ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሰርጀሪ ያስፈልጋል አሉኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ታይሮይዱን ነዋ። አንገቴን ከፍተው።»

«አንገትሽን ሊቆርጡ?» አለ አባዬ፤ ድምፁ ቀጠነ። «አሁን ሥራዬ እንዲህ በቀዘቀዘበት ሰዓት… በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።»

እማዬ ሳቀች። «እንቅርቱስ ይኸው መጣ፤ ጆሮ ደግፉ ነው የቀረው» አለች። አባዬም ሳቀ። ከዚያ የሁለቱም ሳቅ ቆመና እማዬ ስታለቅስ ሰማሁ።

ምሳሌውን አላወቅሁትም፤ የእማዬን ልቅሶም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቴን አንገት ሊቆርጡ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ማንን ልጠይቅ? የማውቃት አንገቷ ተቆርጦ የዳነች ሰው አንድ ብቻ ናት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ ጽጌን ጠየቅኋቸው። «ጭንቅላቷ ሲወድቅ» አልኩ በእንግሊዝኛዬ፣ «አጎቷ በስንት ጊዜ መምጣት አለበት?»

እሳቸው ለምን እንደጠየቅሁ አላወቁም። ሽንኩርት እየላጡ ነበር። «ወዲያው ነዋ!» አሉ። «ደጃፉ ላይ ባይኖር ኖሮ ምን ይበጃት ነበር?»

ስለዚህ የሆነ ሰው ደጃፉ ላይ መኖር ነበረበት።

የቀጠሮው ቀን ከትምህርት ቤት ቀረሁ። እማዬ ጠዋት ስታቅፈኝ አንገቷን አየሁት፤ ለስላሳና ሙሉ፣ ሳሙና የሚሸት። «ነገ እመጣለሁ፤ እትዬን እንዳታስቸግሪ፣ እሺ?» አለችኝ። ልይዛት ፈለግሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። አባዬ መኪናውን አስነሣ፤ ቁልቁለቱን ወርደው ከዓይኔ ጠፉ።

ሆስፒታሉ ከእትዬ ጽጌ የኋላ ደረጃ ላይ ሆነው ሲያዩት ከትልቁ መንገድ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። እሳቸው ለእማዬ የሚሆን የአጃ ሾርባ ጥደው ኩሽና ውስጥ ያማስላሉ። እኔ ያኔ ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ ፍርሃት ያስባል ብዬም አላምንም። የጓሮውን በር ከፍቼ ወጣሁና ሮጥኩ።

ቁልቁለት ሲሮጡ እግር የራስ አይሆንም። የአጥር በሮች፣ የቆሻሻ ገንዳዎች፣ የቆሙ መኪናዎች በጎኔ አለፉ። ትልቁ መንገድ ስደርስ መብራቱ ቀይ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። መሐሉ ላይ ስደርስ የጭነት መኪና ጥሩምባ ጆሮዬን ሰነጠቀው። ፍሬኑ ጮኸ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። የመኪናው አፍንጫ ከፊቴ ቆሞ፣ ከሥሩ ሙቀት ይተነፍስብኛል። ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተኝ።

«ማርታ! እንዳትነቃነቂ!»

ዞር አልኩ። እትዬ ጽጌ ይሮጣሉ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ የአንገት ልብሳቸውም የለም። እጃቸውን ወደ መኪኖቹ ዘርግተው መንገዱ መሐል ገቡ፤ ብብቴን ይዘው ወደ እግረኛው መንገድ ጎተቱኝ። ሾፌሩ በመስኮት የሆነ ነገር ጮኸና ሄደ። እሳቸው ትንፋሻቸው ተቆራርጦ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ መሬት ደፉ።

ያኔ ጮኽኩ። «አትጎንበሺ! ይወድቃል! ጭንቅላትሽ ይወድቃል!»

በአማርኛ ነበር የጮኽኩት። እኔም አላስተዋልኩትም።

«ምኔ?» አሉ ቀና ብለው።

«ጭንቅላትሽ! የእማዬም ይወድቃል፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ ማንም የለም!»

አዩኝ። ፊታቸው ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው አየሁት፤ መጀመሪያ ግንባራቸው፣ ከዚያ አፋቸው። አስፋልቱ ዳር ተንበረከኩ። እጄን ያዙ፤ ልነጥቅ ታገልኩ፤ አልለቀቁኝም። ጣቶቼን ወስደው መስመሩ ላይ አኖሯቸው።

«ንኪው» አሉ። «ጠበቅ አድርጊና ንኪው።»

ሞቃት ነበር። በላብ ረጥቧል። ምራቃቸውን ሲውጡ ከጣቶቼ ሥር አንድ ነገር ወጣ፣ ወረደ። ጎኑ ላይ ደግሞ ደማቸው ይመታል፤ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ እኔው።

«ይኼ ጭንቅላት» አሉ፣ «ከተወለድኩ ጀምሮ አንድም ቀን ከቦታው ተነቅሎ አያውቅም። እንቅርት ነበረብኝ። አገሬ እያለሁ ነው የጀመረኝ። ዌልስ እያለሁ ሐኪም ትንሽ ቀደደ፣ አወጣ፣ ሰፋ። በቃ። የእናትሽም ይኸው ነው።»

«ያቺ ልጅስ?»

«እሷ የጥንት ሰው ናት፤ ታሪኳን እንደነገሩኝ ነገርኩሽ። ውሃው ግን አለ። አንገቴን ሊቀድዱ አንድ ቀን ሲቀር ሄጄበታለሁ፤ እንደኛ ጸበል ነው፣ ሰዉ ይጠመቅበታል። ውሃው በረዶ ነው። እስከ አንገቴ ገባሁና ‹ይኼን ነገር አንሺልኝ፣ ቢላዋ እፈራለሁ› አልኳት።»

«አነሣችልሽ?»

«አላነሣችልኝም። እየተንቀጠቀጥኩ ወጥቼ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ቢላዋው ሥር ተኛሁ።» ተነሡና እጄን ያዙ። «እናትሽም አሁን ፈርታለች። ነይ፣ ደጃፏ ላይ እንሁን።»

እሳቸው አንድ እግራቸው ባዶ እንደሆነ ዳገቱን ወጣን። አባዬ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሲያየን ብድግ አለ፤ ከእኔ ፊት ወደ እትዬ ጽጌ እግር፣ ከእግራቸው ወደ እኔ ተመለከተ። «በኋላ እነግርሃለሁ» አሉት። አንዲት ነርስ አይታ የጨርቅ ጫማ አመጣችላቸው።

ቀዶ ጥገናው ያበቃል የተባለበት ሰዓት አለፈ። አባዬ ሄዶ ጠየቀ፤ «ትንሽ ይቆያል» አሉት። ተመልሶ ተቀመጠ፤ እጆቹን በጭኖቹ መሐል አጣበቀ። የመጠበቂያው ክፍል መብራት ነጭና ድምፅ ያለው ነበር፤ እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ፍርሃቴ ተለውጦ ነበር እንጂ አልጠፋም። አሁን የምፈራው የሚንከባለለውን ጭንቅላት ሳይሆን ያንን በር ነበር፤ ተከፍቶ የሚወጣው ሰው የሚናገረውን።

«እትዬ» አልኩ፣ «ልጅቷ ከተነሣች በኋላ ምን ሆነች?»

ዓይናቸውን ገለጡ። ይህን ክፍል ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። «ኖረች» አሉ። «መነኮሰች፤ ብዙ ዓመት ኖረች አሉ።»

«ፈረስ ስትሰማ አትፈራም?»

አሰቡ። ልጅን ዝም ለማሰኘት መመለስ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። «መጽሐፉ አይልም» አሉ። «እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ትፈራለች። ያ ካራዶግ የመጣበት መንገድ እዚያው ነው፤ ኮቴ በሰማች ቁጥር እጇ ወደ አንገቷ የሚሄድ ይመስለኛል። ፈርታ ነው የኖረችው። ግን ኖረች።»

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ሰማያዊ ኮፍያውን አውልቆ ከአባዬ ፊት ተቀመጠ። ዕጢው ክፉ ሆኖ ተገኝቷል፤ ግን ሳይዛመት ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ወደ ድምፅ የሚሄደው ነርቭ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ነው የቆዩት። በሕይወት ትኖራለች፤ ድምፅዋን ግን ቃል አልገባም አለ። አባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ በሕይወት የሚለውን ቃል ብቻ ያዝኩ።

እማዬ አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታለች። ልትጠራኝ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ዓይኗ በድንጋጤ ፈጠጠ። እጇን ያዝኩት፤ በዚህ ጊዜ እጄ ታዘዘኝ።

ድምፅዋ ለብዙ ወራት ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ስልክ ላይ አይሰማም። አያቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል እማዬ በጆሮዬ ትነግረኛለች፤ እኔ ጮክ ብዬ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዬ አስተላልፋለሁ። አንቺና አንተ ይምታታብኛል፤ አያቴ እየሳቀች ታርመኛለች፤ እማዬም ሹክ እያለች ታርመኛለች። ከአፌ የማይወጣው ቋንቋ በዚያ በኩል ወጣ፤ ለሁለት ሰው መናገር ስለነበረብኝ።

አንድ አመሻሽ፣ አባዬ ሥራ ላይ ሳለ፣ ሶፋው ላይ አጠገቧ ተጋድሜ ሳለሁ፣ «ያን ቀን ለምን ነበር የሮጥሽው?» አለችኝ በሹክሹክታዋ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት፤ በአማርኛ፤ ተረት በአማርኛ ስነግር የመጀመሪያዬ ነበር። ኮረብታውን፣ ውሃ የጠማውን ሰውዬ፣ የጓሮውን በር ነገርኳት። ሰይፉ ጋ ስደርስ እጇ ወደ ጠባሳዋ ሄደ፤ ዓይኗም ውስጥ ያንን የማውቀውን ፍርሃት አየሁት። እትዬ ጽጌ ቆም ይሉበት የነበረው ቦታ ነው። እኔ አልቆምኩም። ቶሎ ብዬ አሻገርኳት፤ ካባው፣ ጸሎቱ፣ መነሣቷ። ከዚያም ማንም ያልነገረኝን ከራሴ ጨመርኩ፤ በማግሥቱ ጠዋት ነቅታ ፊቷን ታጥባ ውሃ ልትቀዳ ወጣች አልኳት።

«ሳትፈራ?» አለች እማዬ።

«ፈርታ» አልኩ።

ጸጉሬን ዳበሰችኝ። «ጥሩ» አለች።

እትዬ ጽጌ ካረፉ ቆይተዋል፤ እማዬ ዛሬም በጎረነነ ድምፅዋ ትቆጣኛለች። እኔ ልጅነቴን ሳስብ የሚመጣብኝ ተአምሩ አይደለም። ሰይፉን የሚያስታውስ ሞልቷል፤ ወደ ውሃውም እስከ ዛሬ የሚሄዱ አሉ። ለእኔ ትዝ የምትለኝ በማግሥቱ ጠዋት ያለችው ልጅ ናት፤ ማሰሮዋን ይዛ በሯ ኋላ ቆማ፣ ኮቴ ይሰማ እንደሆን ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ ጥቂት ቆይታ፣ ከዚያ መቀርቀሪያውን ራሷ አንስታ ስትወጣ።